እንጀራን ማቆም ሳይሆን መጠኑን ማወቅ

አንዲት አንባቢያችን ከነቀምቴ፣ ከበከኒሳ ቀሴ ስለ እናቷ ጽፋልኛለች። እናት የስኳር ሕመም ተገኝቶባቸው ኢንሱሊን ከጀመሩ ወራት አልፈዋል። በቅርቡ ደግሞ «ካርቦሃይድሬት ማለት ስኳር ነው» የሚል ምክር ሰምተው እንጀራውን፣ የበቆሎ ቂጣውን፣ አንጮቴውንም እርግፍ አድርገው ትተዋል። ጠዋት ጠዋት ግን ሻይ በማር ይጠጣሉ፤ ማር የተፈጥሮ ነው ብለው። መርፌያቸውን እንደታዘዘላቸው ይወጋሉ። አመሻሽ ላይ ታዲያ ላብ ያጠምቃቸዋል፤ እጃቸውም ይንቀጠቀጣል። «ስኳሩ ብሶባቸው ይሆን?» ትለኛለች።

እህቴ፣ ከጻፍሽልኝ ተነስቼ የምጠረጥረው ተቃራኒውን ነው። የእናትሽ ስኳር ከመጠን በታች እየወረደ ይመስለኛል። የኢንሱሊን መጠን የሚታዘዘው ሕመምተኛው ምግብ እንደሚበላ ታስቦ ነው። ምግቡ ቀርቶ መርፌው ሲቀጥል፣ በደም ውስጥ ያለችውን ጥቂት ስኳር ያወርዳታል። ይህም ራስን እስከ መሳት፣ ሲብስም ሕይወትን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ግሊቤንክላማይድ የተባለውን እንክብል የሚወስዱ ሰዎችም ምግብ ሲዘሉ ይኸው አደጋ አለባቸው።

ስለዚህ ይህን ቤተሰቡ ሁሉ ይወቀው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብ ወይም ግራ መጋባት ሲታይባቸው መለኪያ ካለ ለኩ። ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌለ፣ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጧቸው። በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻላቸው ድገሙላቸው። ሲሻላቸው ምግብ አቅርቡላቸው። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም እንዳትሰጡ፤ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ውሰዷቸው።

አሁን ወደ ምግቡ እንመለስ። ካርቦሃይድሬት ሁሉ አንድ አይደለም። በሻይ፣ በማርና በለስላሳ መጠጥ ውስጥ ያለው ስኳር ፈጥኖ ደም ውስጥ ይገባል። በጤፍ፣ በበቆሎ፣ በድንችና በአንጮቴ ውስጥ ያለው ስታርች ደግሞ ተፈጭቶ ወደ ግሉኮስ ይለወጣል። ግሉኮስ የአንጎላችን ዋና ነዳጅ ነው። ሦስተኛው አሰር (ፋይበር) ነው። አሰርን ሆዳችን አይፈጨውም፤ ነገር ግን ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ያጠግባልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር እንዲያገኝ ይመክራል። ምንጩም ያልተፈተገ እህል፣ ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ነው።

ማርም ቢሆን በሰውነት ውስጥ ስኳር ነው። እናትሽ እንጀራውን ትተው ማሩን መያዛቸው ለዚህ ነው ያሳሰበኝ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። ሦስት ስኒ ሻይ በሦስት በሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው 36 ግራም ወሰደ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የተሻለ ነው የሚለው መጠን ግን በቀን ከ25 ግራም በታች ነው። ፍራፍሬም እንዲሁ ነው። አንድ ማንጎ ልጦ መብላትና ጁስ ቤት ገብቶ የሦስት ማንጎ ጭማቂ መጠጣት አይተካከሉም።

ወለጋ የአንጮቴ አገር ነው። አንጮቴ ለመስቀል የሚቀርብ፣ አጥንቱ ለተሰበረና ለአራስ የሚሰጥ፣ በካልሲየሙም የታወቀ ሥራ ሥር ነው። ስታርች ስላለው በልክ ይበላል እንጂ ከቤት አይባረርም። አንጮቴ በቀረበ ቀን እንጀራው ይቀነስ፤ ሁለቱ በአንድ ማዕድ ሲደራረቡ ነው መጠኑ የሚበዛው። ቅቤውንም አትርሱ። አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ስብ 9 ይሰጣል። ስለዚህ ጩምቦው ላይ የሚፈሰው ቅቤም ይታሰብበት።

ለመመጠን ቀላሉ ዘዴ ሳህኑን በዓይን መክፈል ነው። ግማሹን ጎመንና ሌላ አትክልት ይያዘው። አንድ አራተኛው ለምስር፣ ለሽሮ፣ ለባቄላ፣ ለእንቁላል ወይም ለሥጋ ይሁን። የቀረው አንድ አራተኛ የእንጀራው፣ የቂጣው ወይም የአንጮቴው ድርሻ ነው። ጥራጥሬም የራሱ ስታርች አለው፤ ግን ከፕሮቲንና ከአሰር ጋር ስለሚመጣ ቀስ ብሎ ነው የሚፈጨው። ለስኳር ሕመምተኛ ደግሞ የምግብ ሰዓቱ ከመርፌው ጋር መገጣጠም አለበት።

ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ ቶሮንቶ ከመገኘቱ በፊት ሐኪሞች ሕመምተኛውን በብርቱ ያስርቡት ነበር። ሌላ መላ ስላልነበራቸው ነው። ሕመምተኛው ጥቂት ዕድሜ ቢያገኝም ሰውነቱ አልቆ አጥንቱ ይቀራል። መርፌው የመጣው ሰው እንደገና እንዲበላ ነው። እናትሽ መርፌውን እየተወጉ መራባቸው ከዚህ ጋር አይሄድም።

እህቴ፣ ሳትውዪ ሳታድሪ እናትሽን ወደሚከታተሏቸው ሐኪም ውሰጃቸው። ምን እንደሚበሉ፣ መርፌውን መቼ እንደሚወስዱና መንቀጥቀጡ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ በወረቀት ጽፈሽ ያዢ። በራሳችሁ መርፌውን አታቋርጡ፤ መጠኑንም አትቀይሩ። ምግባቸውና መድኃኒታቸው እንዲመጣጠን የሚያስተካክለው ሐኪሙ ነው። እስከዚያው ድረስ ግን እማማ ማዕድ አይዝለሉ፤ እንጀራቸውንም በልኩ ይብሉ።

ለእናትሽ ምሕረቱን ያውርድላቸው። ሳምንት ቸር ያገናኘን!