የእናት ጌጥና የአንጥረኛው ሚዛን

በሐረር ጁገል ከፈረስ መጋላ ተነሥቶ የልብስ ሰፊዎቹን መኪና ድምፅ እየሰማ በመኪና ግርግር መንገድ የወረደ ሰው ጊደር መጋላ ይደርሳል፤ ትርጓሜውም በሀገሩ ቋንቋ ታላቅ ገበያ ማለት ነው። በጁገል ጠባብ መንገዶች ውስጥ የብር ጌጥ የሚሸጥባቸው ቤቶች አሉ። ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንናገር ያሰብነው፥ በጥንት አምሳል አዲስ ጌጥ የሚሠራ አንድ ትንሽ የአንጥረኛ ቤት በምን ሊቆም እንደሚችልና እኛም ባለ ቤቶቹ ስለ እርሱ ምን ማድረግ እንደሚገባን ነው።

እኛ በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ የምንኖር ሰዎች የውርስ ዝርዝር ስንጽፍ ዘወትር የምናየው ነገር አለ። መሬቱ በወሰኑ፥ ቤቱ በክፍሉ ቍጥር ይጻፋል፤ የሟቿ እናት ጌጥ ግን «የብር ጌጥ፥ ክብደቱ ይህን ያህል» ተብሎ በአንድ መስመር ያልቃል። ወራሾቹ አራት ቢሆኑ አንዱ ድሪ ለአራት ሊቈረጥ አይችልምና በሚዛን ተሽጦ ገንዘቡ ይከፈላል፤ ገዢውም ወስዶ ያቀልጠዋል። ብሩ እንኳ አይጠፋም፤ የሠራው ሰው እጅ ግን በዚያ ቀን ይጠፋል።

ከድሮው ጌጥ እጅግ የሚበዛው ከጠገራ ብር የተሠራ ነው። የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1780 ሞተች፤ ብሯ ግን ያው ዓመት እንደ ተጻፈበት በቪዬና፥ በሮማ፥ በሎንዶን፥ በቦምባይም ሳይቀር ሲታተም ኖረ። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ከጥቂት ይመዝናል፤ ከሺው እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው፤ የቀረው መዳብ ነው። ስለዚህ ከ10 ጠገራ የሚወጣ አልቦ በእሳትና በሞረድ የሚጎድለውን ሳንቈጥር 234 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ይኖረዋል። በ1937 ዓ.ም. በወጣው የገንዘብ አዋጅ ጠገራው መገበያያነቱ ከቀረ ወዲህ ግን ከገበያው እየራቀ ሄደ፤ ብር ያጣም አንጥረኛ የአሮጌውን ጌጥ ማቅለጥ ይቀናዋል። ለሥራው አብነት የሚሆነውን ራሱን ይበላል ማለት ነው።

የሥራውን ድካም ያላየ ሰው ዋጋውን ሊያውቅ አይችልም። ብሩ በከሰል እሳት ቀልጦ በቅርጽ ይፈስሳል፤ ቀጥሎም በመስፍ ላይ በመዶሻ ይቀጠቀጣል፤ ሲጠነክር እንደ ገና ወደ እሳት ይመለሳል። ክር ለማድረግ ከሰፊ ወደ ጠባብ በተበሱ የብረት ቀዳዳዎች እየተሳበ ይቀጥናል፤ ለዚህም የጠና ክንድ ያሻል። በጌጡ ላይ እንደ ጤፍ የተዘሩት ጥቃቅን ፍሬዎች የሚገኙበት መንገድ ደግሞ የሚያስደንቅ ነው፤ የብሩ ክር ተቈራርጦ በከሰል ዱቄት መካከል ሲግል፥ የውኃ ጠብታ እንደሚከብ፥ እያንዳንዱ ቍራጭ ቀልጦ በራሱ ይድበለበላል። ጭንቁ ያለው በመበየዱ ላይ ነው። መበየጃው ከጌጡ ጥቂት ቀድሞ መቅለጥ አለበት፤ እሳቱ በጥቂት ቢያልፍ የብዙ ቀን ድካም አንድ ጓል ሆኖ ይቀራል።

እንዲህ ያለውን ሥራ በግራም ብቻ የሚገዛ ሰው ዳዊትን በብራናው ክብደት እንደሚገዛ ሰው ነው። አንጥረኛውም ቢሆን የብሩንና የእጁን ዋጋ ለያይቶ በደረሰኝ ቢጽፍ ይሻለዋል፤ ሁለቱን ቀላቅሎ የሚናገር ነጋዴ ገዢው ሲከራከረው የሚቀንሰው ከእጁ ዋጋ ነውና፥ ዓመቱ ሳያልቅ ለልጆቹ እንጀራ ያጣል። ደንበኛው የራሱን ብር ይዞ ሲመጣም በፊቱ ይመዘን፤ በእሳት የሚጎድለውን አስቀድመው ይስማሙበት። ከሞረዱ የረገፈውንም ከወለሉ ጠርጎ የሚያጠራቅም ቤት ኋላ አቅልጦ ይጠቀምበታል።

ልጆቻቸውን ለዚህ ሥራ የማይሰጡ ቤተ ሰቦች ዛሬም አሉ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛውን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ቢቀንስም ንቀቱ አልጠፋም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን አዲሱን ሥራ ጥንታዊ ነው ብሎ መሸጥ ነው። ብር በድኝ ሲታጠን ይጠቍራል፤ ጥቂት ቢያሹትና ጉድጓዱ ውስጥ ጥቍረቱን ቢተዉለት፥ ትናንት የተሠራው የመቶ ዓመት ዕድሜ ያለው ይመስላል። እንግዳው ይደሰታል፤ ዋጋውም እጥፍ ይሆናል። ነገር ግን በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ አዋጅ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣት የተከለከለ ስለ ሆነ፥ «ጥንታዊ» የሚል ደረሰኝ የያዘው እንግዳ በኬላ ሊያዝ ይችላል፤ በሐሰት የተከበረው ጌጥ በእውነት ይወረስበታል።

በፈረንጆችም አገር ሁለቱ መንገድ ታይቷል። ፎርቱናቶ ፒዮ ካስቴላኒ በ1814 በሮማ የከፈተው ቤት ከጥንት መቃብር የወጣውን የወርቅ ጌጥ አብነት አድርጎ አዲስ ይሠራ ነበር፤ የቤቱም ምልክት ይታተምበት ነበር። ዛሬ ሥራው በራሱ ስም በታላላቅ ቤተ መዘክሮች ተቀምጧል። በ1896 ግን የፓሪሱ ሉቭር ለሳይታፈርኔስ ለሚባል ለጥንት ንጉሥ የተበረከተ ነው የተባለ የወርቅ አክሊል በ200,000 ፍራንክ ገዛ፤ በ1903 እስራኤል ሩኮሞቭስኪ የሚባል የኦዴሳ አንጥረኛ እኔ ሠራሁት ብሎ በእጁ ሠርቶ አሳየ። ያሳቱት ነጋዴዎቹ ነበሩ፤ አንጥረኛው ለማታለያ መዋሉን አላወቀም ነበር ይባላል። የሐረሩም አንጥረኛ በጌጡ ጀርባ ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ቢቀርጽ እንዲህ ካለው ነጋዴ ይድናል።

ገዢዎች የብሩን እውነተኛነት በቤት የሚፈትኑበት መንገድ አለ። ጌጡን መዝነው ቀጥሎ በክር አንጠልጥለው ውኃ ውስጥ ይመዝኑት። 102 ግራም የሚመዝን የጠገራ ብር ሥራ 10 ግራም ያህል ይጎድላል፤ ብር የሚመስለው የኒኬልና የመዳብ ቅይጥ ግን 12 ግራም ያህል ይጎድላል። ውስጡ ክፍት የሆነ ወይም ድንጋይ ያለበት ጌጥ በዚህ አይለይም።

የእናታቸውን ጌጥ ለመሸጥ የተገደዱ ወራሾችም ከማቅለጡ በፊት ሌላ መንገድ አላቸው። ከመካከላቸው አንዱ ጌጡን ወስዶ ለሌሎቹ ድርሻቸውን በገንዘብ ይክፈል፤ ወይም ለአንጥረኛ አውሰውት ለሴት ልጆቻቸው በአምሳሉ ያሠሩ። የሚጠብቀው ዘመድ ከታጣ በሐረር በራስ ተፈሪ ቤት ያለው የሸሪፍ ቤተ መዘክር እንዲህ ያለውን ዕቃ ሰብስቦ ያኖራል። በውርሱ ዝርዝርም የጌጡ ስምና የተሠራበት አገር ቢጻፍ፥ ፎቶግራፉም ቢጣበቅበት፥ በጸሐፊው ላይ የሚጨምረው ሥራ ሩብ ሰዓት አይሞላም።