ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ

በዚህ ዓምድ እንደተለመደው ከእናንተ መካከል የተነሣ ጥያቄ ይዤ ቀርቤአለሁ። ባለፈው ሳምንት የውኃ ሰልፍ ላይ ሆነን አንዲት እናት ጠሩኝና «መምህር፣ እስቲ ያስረዱኝ። ልጄ ከሜሪላንድ ደውሎ ‹ዜግነት አግኝቼ መምረጥ ብጀምርም ካርታውን ፓርቲዎቹ ለራሳቸው እንዲመች አድርገው ቆርጠውታል› ይለኛል። አሜሪካም እንዲህ አለ እንዴ? ሕግ የላቸውም?» አሉኝ። እዚያው ቆሜ የሰጠኋቸው መልስ እኔንም አላረካኝም፤ ስለዚህ አሰናድቼ ጻፍኩት። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት 435 መቀመጫ አለው። አንድ መቀመጫ የአንድ የምርጫ ክልል ነው፤ በዚያ ክልል ብልጫ ድምፅ ያገኘ አንድ ሰው ብቻ ያልፋል። በየ10 ዓመቱ የሕዝብ ቆጠራ ይደረግና የምርጫ ክልሎቹ ወሰን እንደገና ይሰመራል። በ1812 የማሳቹሴትስ ገዥ የነበረው ኤልብሪጅ ጌሪ ለፓርቲው የሚያመች ካርታ ፈረመ። ከክልሎቹ አንዱ እንሽላሊት የሚመስለውን ሳላማንደር የተባለ ፍጥረት መስሎ ተጠማዞ ስለነበር፣ የሰውየውንና የፍጥረቱን ስም አጣምረው «ጄሪማንደር» አሉት። ስሙ እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ዘጠኝ ፍሬ ይበቃል። ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ሞክሩት። አምስት በቆሎና አራት ባቄላ ውሰዱ። በቆሎ ይበልጣል አይደል? አሁን ሦስት ሦስት እያደረጋችሁ በሦስት ክምር ክፈሉ። በመጀመሪያው ክምር ሦስት በቆሎ አስቀምጡ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ክምር አንድ አንድ በቆሎና ሁለት ሁለት ባቄላ አድርጉ። ባቄላ በሁለት ክምር አሸነፈ፤ በቆሎ በአንድ ብቻ! አንድም ፍሬ አልተሰረቀም፣ ቆጠራው ትክክል ነው። የተጣመመው አከፋፈሉ ነው። ዘዴው ሁለት ብቻ ነው፦ የተቃዋሚህን ሰዎች ከፊሉን በአንድ ቦታ ማጎር፣ የቀሩትን መበተን።

ይህ የባቄላ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2012 በሰሜን ካሮላይና ሪፐብሊካኖች 49 በመቶ ድምፅ አግኝተው ከ13 መቀመጫ 9ኙን ወሰዱ። ዴሞክራቶችም ቢሆኑ ከዚህ ነፃ አይደሉም። በሜሪላንድ በ2011 ካርታውን ሲያወጡ፣ ከሪፐብሊካን እጅ የማይወጣውን 6ኛውን ክልል ሰንጥቀው ብዙ ዴሞክራት የሚኖርበትን የሞንትጎመሪ ካውንቲ ከፊል ጨመሩበት። በሚቀጥለው ዓመት ምርጫ መቀመጫው ወደ እነሱ ዞረ። ሞንትጎመሪ ብዙ የአገራችን ሰዎች የሚኖሩበት ነው፤ የዚያች እናት ልጅ ብስጭት ከሜዳ አልመጣም።

ታዲያ ለምን ይፈቀዳል? ምክንያቱ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ሕገ መንግሥቱ የምርጫውን አካሄድ የመወሰን ሥልጣን ለየግዛቱ ምክር ቤት ሰጥቷል። በአብዛኞቹ ግዛቶች መስመሩን የሚያሰምሩት ፖለቲከኞቹ ራሳቸው ናቸው። ተጫዋቹ ዳኛም ነው ማለት ነው። ለራስ ሲቆርሱ ደግሞ አያሳንሱም።

ሁለተኛ፣ የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እጁን አንሥቷል። ይኸው ፍርድ ቤት በ1964 በየክልሉ ያለው የሕዝብ ቁጥር እኩል ሊሆን ይገባል ብሎ ፈርዶ ነበር። በዘር ተለይቶ የተሰመረ መስመርም ሲመጣለት ይመረምራል። የፓርቲውን ጉዳይ ግን ሰኔ 27 ቀን 2019 በአምስት ለአራት ድምፅ «የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጉዳይ አይደለም» አለ። ጉዳዮቹ የመጡት ከላይ ካነሣኋቸው ከሰሜን ካሮላይናና ከሜሪላንድ ነበር። የዳኞቹ ሰብሳቢ ጆን ሮበርትስ ነገሩ ፍትሐዊ እንደማይመስል ሳይክዱ፣ ምን ያህሉ ከልክ ያለፈ እንደሆነ ለመለካት ዳኛ የሚይዘው መለኪያ የለም አሉ። ኤሌና ኬገን ደግሞ የተቃወሙትን ወክለው፣ የሥር ፍርድ ቤቶች መለኪያ አግኝተው እንደሠሩበት ጻፉ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ፍርድ ቤቱ «መልካም ነው» አላለም፣ «እኔ አልዳኘውም» ነው ያለው።

ሦስተኛ፣ ሊከለክሉት የሚችሉት በሱ የተጠቀሙት ናቸው። በ2021 የተወካዮች ምክር ቤት የሚከለክል ረቂቅ ቢያሳልፍም በሴኔት ሳያልፍ ቀረ። በ2025 ደግሞ ቴክሳስ ቆጠራ እንኳ ሳይደርስ ለሪፐብሊካኖች አምስት ተጨማሪ መቀመጫ ያስገኛል የተባለ ካርታ አወጣች። ካሊፎርኒያ ካርታ የማውጣቱን ሥራ በ2008 እና በ2010 በሕዝብ ድምፅ ለገለልተኛ ኮሚሽን የሰጠች ግዛት ነበረች፤ በኅዳር 2025 ግን መራጮቿ ለቴክሳስ መልስ እንዲሆን ዴሞክራቶችን የሚጠቅም ጊዜያዊ ካርታ አጸደቁ። «እነሱ ከቆረጡ እኛስ?» ነው ነገሩ።

ለእናትየው የምለው ግን አለ። ልጅዎ ተስፋ አይቁረጥ። የፌዴራሉ በር ቢዘጋም የግዛቱ በር አለ። በዚያው በሜሪላንድ በ2022 አንዲት የግዛቱ ዳኛ ዴሞክራቶች ያወጡትን አዲስ ካርታ በግዛቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ሽረው ሌላ ካርታ ወጣ። አሪዞና በ2000፣ ሚሺጋን በ2018 በሕዝብ ድምፅ ቢላዋውን ከፖለቲከኞች እጅ ወስደው ለኮሚሽን ሰጥተዋል። ደግሞም ገዥው በመላው ግዛት ድምፅ ስለሚመረጥ በሱ ምርጫ መስመር የሚያጣምም የለም። ገና ዜግነት ያላገኙት ዘመዶቻችንም የሕዝብ ቆጠራ ሲመጣ ይመዝገቡ፤ መምረጥ ባይችሉም ወሰኑ ሲሰመር ይቆጠራሉ።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ፤ ይህን ሳልናገር ብዘጋ ሐቀኛ አልሆንም። ባለፈው ዓመት የተማሪ ወላጆች ኮሚቴ ሲመረጥ የቤቶቹን መደዳ በሦስት ምድብ የከፈልኩት እኔ ነኝ። ቁጥሩ እኩል እንዲሆን ብዬ አዲስ የመጡትን ቤተሰቦች በሦስቱም ምድብ በተንኳቸው። ድምፁ በሐቅ ተቆጠረ፤ ከነሱ ግን አንድም ሰው አልተመረጠም። በኋላ ኮሚቴው የከሰዓቱን ፈረቃ ሰዓት ሲገፋ፣ «የእኛ ልጆች ከካምፑ ጫፍ ስለሆኑ ይመሽባቸዋል» የሚል ሰው በስብሰባው አልነበረም። ክፋት አልነበረኝም፤ ጠመኔው ግን በእጄ ነበር፣ ከነሱም አንድ ሰው አልጠየቅኩም።

ስለዚህ ዘንድሮ አከፋፈሉ ከምርጫው ሁለት ሳምንት በፊት በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። መጥታችሁ እዩት፣ የማይስማማችሁን ተናገሩ። አዲስ የመጡ ጎረቤቶች ካሏችሁ ይህን አንብቡላቸውና ይዛችኋቸው ኑ። እስከሚቀጥለው ዕትም በሰላም ቆዩ።