ኤልሳትን ልድገመው ወይስ ይብቃኝ?

እህቴ፣ ዌስትውድ ያለውን የዩሲኤልኤ የሕግ ትምህርት ቤት አስበሽ የመግቢያ ፈተናውን፣ ኤልሳትን፣ ተፈትነሽ ውጤቱ እንዳሰብሽው ካልሆነልሽ፣ ለድጋሚ ከመመዝገብሽ በፊት ይቺን አንብቢልኝ።

እኔ ነርስ ነኝ። የደም ግፊት ደግመን የምንለካው ቁጥሩ ስላላማረን አይደለም፤ ሰውየው ደረጃ ሮጦ ወጥቶ ከሆነ ግን አሳርፈን እንለካዋለን። አንቺም ቤት ሰዓት ይዘሽ የሠራሻቸው ልምምዶች 168 እያሳዩ የፈተናው ዕለት 161 ካመጣሽ ድገሚው። ትምህርት ቤቶቹ ሌሎቹን ውጤቶች ቢያዩም በአብዛኛው የሚይዙት ከፍተኛውን ነው። ልምምዱም 161 ከሆነ ግን መቀየር ያለበት አጠናንሽ ነው። (በዕድሜሽ የሚፈቀድልሽ 7 ጊዜ ብቻ መሆኑንም አትርሺ።)

ኢስቲኻራ ስገጂ፤ ህልም እስክታዪ ግን አትቀመጪ። ብዙዎቻችን "መልስ አልመጣልኝም" እያልን ዓመት የምናሳልፈው "ድጋሚ ወደቀች" መባልን ፈርተን ነው። ኤልሳት እኮ ከ120 እስከ 180 ነጥብ እንጂ ማለፊያ የሚባል የለውም! ሁለት ረከዓሽን ሰግደሽ፣ የሚያውቅ ሰው አማክረሽ ተነሺ፤ ኸይር ከሆነ አላህ ያገራልሻል። ከባለቤትሽም ጋር በደንብ ተነጋገሪ፤ ለ3 ወር ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ማን ይይዛል? ይህ ሳይፈታ የፈተና ገንዘብ አትክፈዪ።

ሥራሽን መተው የማትችዪ ከሆነ ደግሞ፣ ዩሲኤልኤ የጄዲ ትምህርት በማታ አይሰጥም። መሀል ከተማ ያለው ሎዮላ ይሰጣል፤ የሚጠብቀው ውጤትም ዝቅ ያለ ነው። ምናልባት የያዝሽው ቁጥር ለዚያ ይበቃሽ ይሆናል።