ያገለገለ የሃይብሪድ አውቶሞቢልና የባትሪው ዕዳ

ማናቸውም ዕቃ በተገዛበት ዕለት ዋጋው አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ የጥገናው ዋጋ ግን ዕቃው እስኪያረጅ ድረስ ባለቤቱን እየተከተለ ይጠይቀዋል። ዛሬ ይህን ነገር እንድናነሣ ያደረገን በቤንዚንና በኤሌክትሪክ ኃይል ተባብሮ የሚሄደው፣ ሃይብሪድ የሚባለው ያገለገለ አውቶሞቢል ነው።

መንግሥት በ2014 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ብቻ ለሚሄዱ አውቶሞቢሎች ብዙውን ታክስ አንሥቶ፣ ተሠርተው ላለቁት 15 ከመቶ፣ በከፊል ተገጣጥመው ለሚገቡት 5 ከመቶ ቀረጥ ብቻ እንዲከፈል አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወርም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ኤሌክትሪክ ግን ከወንዛችን ይገኛል። ለወላይታ ሰው ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም፤ በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራውና 1,870 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የታቀደው የግልገል ጊቤ ሦስተኛ ግድብ ጎረቤቱ ነውና። ሆኖም ኃይሉ ከወንዛችን ቢገኝም ባትሪው ከባሕር ማዶ የሚመጣ መሆኑን መርሳት አይገባም።

የዚህን ባትሪ ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1997 በጃፓን ለገበያ የወጣው ቶዮታ ፕሪየስ በብዛት ከተመረቱት የሃይብሪድ አውቶሞቢሎች ቀዳሚ ነው። በሁለተኛው ትውልድ ፕሪየስ ውስጥ ያለው ትልቁ ባትሪ 28 ክፍሎች በተርታ ተያይዘው የተሠራ ሲሆን፣ ኃይሉም ከ200 ቮልት በላይ ነው። በተርታ የተያያዙ ስለ ሆኑ የአንዱ ድካም የሁሉ ድካም ይሆናል። የደከመውን አንዱን ብቻ መለወጥ ለጊዜው ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የቀሩት እኩዮቹ ስለ ሆኑ ጥቂት ቆይቶ ሌላው ይደክማል፤ ባለቤቱም ደጋግሞ ይከፍላል። ከዚህም በላይ ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው አየር ከኋላ መቀመጫ አጠገብ ባለ ቀዳዳ ይገባል፤ ይህ በአቧራ ሲደፈን ባትሪው ይግላል፤ ሙቀትም ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

እንግዲህ በቦዲቲ ያለ አንድ ሰው የብዙ ዓመት ጥሪቱን አውጥቶ እንዲህ ያለ አውቶሞቢል ገዛ እንበል። ቦዲቲ ከሻሸመኔ በሐላባ በኩል ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች መንገደኛና ንግድ አይታጣባትም፤ ሰውየውም ከቤንዚኑ የተረፈውን ገንዘብ እያየ ደስ ይለዋል። ባትሪው የደከመ ዕለት ግን በዋና መንገድ ላይ መኖር ብቻውን አያድነውም፤ ሥራውን የሚያውቅ መካኒክና መለወጫ ዕቃ ያስፈልገዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ ወዲህ፣ በፊት በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ስለ ሆነ፣ ከውጭ የሚመጣ ባትሪም በዚያው ልክ ከብዷል። በሬ ሣሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ ቀረ የሚባለው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

ይህን ማለታችን አዲሱን ጥበብ ለመንቀፍ አይደለም፤ ሒሳቡ ሙሉ ይሁን ማለታችን ነው እንጂ። ገዢው ዋጋውን ከመክፈሉ አስቀድሞ የእያንዳንዱን የባትሪ ክፍል ጤንነት በመሣሪያ ያስመርምር፤ ከገዛም በኋላ ከቤንዚኑ ካተረፈው ገንዘብ ጥቂቱን በየወሩ ለባትሪው ያስቀምጥ፤ ያ ትርፍ ሁሉ የርሱ አይደለምና። ከፍ ያለው ቮልት ሰው የሚገድል ስለ ሆነ ላልተማረ እጅ አሳልፎ አይስጥ።

ሹማምንትም ድርሻ አላቸው። ሻጭ ሁሉ የባትሪውን ሁኔታ በጽሑፍ ለገዢ እንዲሰጥ ቢታዘዝ፣ በሶዶ ያሉት የሞያ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲው ከቦዲቲና ከሌሎችም ወረዳዎች ጐልማሶችን ተቀብለው ይህን ሞያ አጥብቀው ቢያስተምሩ፣ ያረጀውም ባትሪ በየሜዳው እንዳይጣል የሚሰበሰብበት ስፍራ ቢለይለት ጥቅሙ ለሁሉ ነው። ሕዝቡ ምክር የሚጠይቃቸው ካህናትም ሰው በሰማው ወሬ ብቻ ጥሪቱን እንዳያፈስ ቢያስገነዝቡ መልካም ነው።

አውቶሞቢል ማስገባት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ የሚጠግነውን ሰው ማዘጋጀት ግን ዓመታት ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለተኛው ሥራ ከፊተኛው እንዳይዘገይ ዛሬውኑ ሊጀመር ይገባል።