በካምቢዮው ላይ ከመፍረድ በፊት

ይድረስ በካምፓላ፣ በኪሰንዪ ጋራዦች ለምትሠሩና አማርኛ ለምታነቡ ወንድሞቼ፤

እጃችሁን አልንቅም። ሊፍት በሌለበት፣ ካርቶን አንጥፎ መሬት ላይ ተኝቶ የሃይኤስ ካምቢዮ በግማሽ ቀን አውርዶ የሚሰቅል ሰው ሥራ ያውቃል። የምጽፍላችሁ ካምቢዮው ከተሰቀለ በኋላ ስላለው አሠራር ነው።

ነገሩን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። መኪናው ይወጣል፣ ማርሹ ያለ ችግር ይገባል፣ ባለቤቱም ከፍሎ ይሄዳል። ከከተማ ወጥቶ 80 ሲደርስ ወለሉ ይርገበገባል። ተመልሶ ሲመጣ መኪናው ገና ሳይነካ ፍርዱ ተሰጥቷል፦ «ካምቢዮው ነው፣ ሌላ እንፈልግ»። ከኪሴካ ገበያ ሌላ ያገለገለ የጃፓን ካምቢዮ ይመጣል። አሁንም ይርገበገባል። ከዚያ የካምቢዮ ሱፖርት፣ ከዚያ ክሮቼራ፣ ከዚያ ጎማ። አንዱ ካልፈወሰው ባለቤቱ ይለምደዋል። በዚህ ሁሉ መሐል አንድም ነገር አልተለካም። (ሶማሌ ተራን የምናውቅ ሰዎች ይህን ከመርካቶ ይዘነው መጥተን እንደሆነ እንጃ፤ እዚያም እንግዳ አይደለም።)

ምንም ላለመለካቱ አንዱ ምክንያት ሰፈሩ ነው። በኦዊኖ ገበያ፣ በአሮጌው ታክሲ ተራና በአውቶቡስ መናኸሪያው መሐል፣ በቦዳ ቦዳ ተከቦ፣ 30 መንዳትም ዕድል ይጠይቃል። በ80 የሚነሳ ንዝረት ደግሞ በ20 አይታይም። ስለዚህ ጋራዡን አንዴ ዞሮ «ደህና ነው» ማለት ምርመራ አይደለም። 80 ለመንዳት የእንቴቤ ኤክስፕረስዌይ አለ፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክፍት ነው። በ2022 ክፍያ ሲጀመር ለቀላል ተሽከርካሪ የተቆረጠው 5,000 ሺሊንግ ነበር። በዚህ ገንዘብ ካምቢዮ ቀርቶ ደህና ኩሽኔታ አይገዛም።

እዚያ ስትደርሱ መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ ንዝረቱ የሞተሩን ዙር ይከተላል ወይስ የመኪናውን ፍጥነት የሚለው ነው። ሜዳና ነፃ ቦታ ላይ፣ በሚርገበገብበት ፍጥነት፣ ለጥቂት ሴኮንድ ማርሹን ዜሮ አድርጉት። የሞተሩ ዙር ወርዶም ንዝረቱ ካልጠፋ ጥፋቱ በአብዛኛው ከካምቢዮው ወዲያ ነው፤ ሻፍቱን፣ ዲፈረንሻሉን፣ ጎማውን ፈትሹ። ከጠፋ ቁሙና ሞተሩን ወደዚያው ዙር አምጡት፤ ቆሞም ከነዘረ ወደ ቮላኖው፣ ወደ ፍሪሲዮኑና ወደ ሱፖርቱ ተመለሱ። ነዳጅ ሲረገጥ ብቻ ብቅ የሚል ከሆነ የሻፍቱን አንግል ጠርጥሩ። ባለ አምስት ማርሽ ማንዋል ሃይኤስ ላይ ግን ተጠንቀቁ፦ በአራተኛ ማርሽ ሞተሩና ሻፍቱ እኩል ስለሚዞሩ አይለዩም፤ በዚያው ፍጥነት አምስተኛ አስገቡና አነጻጽሩ።

ስሌቱም ከባድ አይደለም። 80 ላይ የሃይኤስ ጎማ በሴኮንድ ወደ 11 ጊዜ ይዞራል። ዲፈረንሻሉ 4.1 ከሆነ ሻፍቱ በዚያችው ሴኮንድ 45 ጊዜ ገደማ ይዞራል። የጎማው ንዝረት መሪና መቀመጫ ያንቀጠቅጣል፤ የሻፍቱ ግን እግር ሥር የሚያጉረመርም፣ ፈጣን ንዝረት ነው። ሬዲዮውን የዘጋ ሹፌር ይለየዋል።

ይበልጥ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። የሃይኤስ ካምቢዮ ለማውረድ ሻፍቱ መውረዱ አይቀርም። ከመውረዱ በፊት ፍላንጁ ላይ በቀለም ምልክት የሚያደርግ ስንታችሁ ናችሁ? ክሮቼራ በአንግል ሲሠራ፣ በአንድ ዙር ውስጥ ሻፍቱን ሁለት ጊዜ ያፈጥነዋል፣ ሁለት ጊዜ ያዘገየዋል። የአንዱን ጫፍ መዛባት የሌላው ጫፍ የሚያጠፋው ሹካዎቹ ፋብሪካው ባስቀመጣቸው መስመር ሲገጠሙ ነው። ሻፍቱ ተለያይቶ ሲመለስ አንድ ጥርስ ቢዘል፣ ፍጹም ጤነኛ ካምቢዮ ሥር የሚርገበገብ መኪና አበጃችሁ ማለት ነው። ከሌላ ሞዴል የመጣ ሱፖርትም የካምቢዮውን ጅራት ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ አንግሉን ያዛባል። ይህን ለማወቅ በስልካችሁ ያለው ውሃ ልክ መነሻ ይሆናችኋል፤ የካምቢዮውን መውጫ፣ ሻፍቱንና የዲፈረንሻሉን መግቢያ ለኩና ጻፉ። አሮጌው ከመውረዱ በፊት ለክታችሁ ከሆነማ የምታነጻጽሩበት አላችሁ።

ይህን የማታደርጉት ስለማታውቁ አይመስለኝም። ለምርመራ የሚከፍል ስለሌለ ነው። እኛ ባለመኪኖች ዕቃ በእጃችን ካልያዝን ገንዘብ የከፈልን አይመስለንም፤ «ምን ሠራህና?» እንላለን። መካኒኩም እንጀራው ከዕቃና ከመፍታት ከሆነ ዕቃ ያስገዛል፣ ይፈታል። ይህ ግን ግማሽ ምክንያት ነው። ምልክት ለማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ማንም አልከፈለኝም የሚባልበት ሥራ አይደለም።

ስለዚህ በእኔ በኩል ውሉን ላስቀምጥ። ሻፍቱ ሳይወርድ ምልክት ይደረግበት፣ አንግሉ ይለካ። ካምቢዮው ከተሰቀለ በኋላ መካኒኩ 80 እስክንደርስ አብሮኝ ይምጣ። ንዝረት ካለ ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ሞተሩን ይሁን ፍጥነቱን እንደሚከተል በወረቀት ይጻፍልኝ። የፍተሻው ዋጋ ዕቃ ተገዛም አልተገዛም ይከፈላል፤ የኤክስፕረስዌዩም ክፍያ ከእኔ ኪስ ነው።

ካንሳንጋ ከሚኖር አንድ የሃይኤስ ባለቤት