ከታኮው ጋር የእጅ ፍሬኑም ይሳብ

በሆሳዕና ዳገታማ መንገዶች ዳር ከቆመ አሮጌ መኪና ጎማ ሥር ድንጋይ ማየት የተለመደ ነው። ረዳቱ ወይም ደጅ የሚጫወት ልጅ ሮጦ ታኮ ያደርጋል፤ ሾፌሩም የእጅ ፍሬኑን ሳይነካ በሩን ዘግቶ ይሄዳል። ታኮ ማድረግ መልካም ልማድ ነው፣ ይቀጥል። የእጅ ፍሬኑ አብሮ ካልተሳበ ግን ጉዳቱ መኪናው ነገ ሲነዳም ይከተለዋል።

ምክንያቱን ላስረዳ። እንደ ኮሮላ ዲኤክስ ያሉት የቆዩ ቶዮታዎች የኋላ ፍሬናቸው ታምቡር ነው። በታምቡሩ ውስጥ ሸራ የለበሱ ሁለት ጎባጣ ብረቶች አሉ። ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱ ብረቶቹን ይገፋል፣ ሸራው ከታምቡሩ ግድግዳ ጋር ይፋተጋል፣ ጎማውም ይያዛል። ሸራው እየሳሳ በሄደ ቁጥር ክፍተቱ ይሰፋል፣ ፔዳሉም እየጠለቀ ይመጣል። በብዙዎቹ አሮጌ ቶዮታዎች ይህን ክፍተት የሚያጠብበው ባለ ጥርስ ማስተካከያ የሚሠራው የእጅ ፍሬን ሲሳብ ነው። ለወራት ሳይሳብ ከከረመ በአቧራና በዝገት ይያዛል። ያን ጊዜ ሾፌሩ ሁለት ጊዜ እየረገጠ መቆምን ይለምዳል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ መልመድ ነው። ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን አይከዳም፤ ፔዳሉ በጠለቀ ቁጥር ሲናገር ሰንብቷል።

ቮልስዋገን ደግሞ የባሰ ትኩረት ይፈልጋል። እኛ ዘንድ የቀሩት አሮጌዎቹ ቮልሶች በአብዛኛው አራቱም ጎማቸው በታምቡር የሚያዝ ሲሆን፣ በእጅ ካልተጠበቁ ራሳቸውን አያስተካክሉም። ሥራው ግን ጋራዥ ድረስ የሚያስኬድ አይደለም፤ ደልዳላ ግቢ ይበቃል። በመሬት ላይ የሚቀሩት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግባቸው። መኪናው በክሪክ ከተነሳ በኋላ ከሥሩ ጠንካራ ማቆሚያ ይግባ፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ማንም እጁን አይስደድ። የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ። እንደ ሥሪቱ ዘመን ከታምቡሩ ፊት ወይም ከኋላው ሳህን ላይ ባለው ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገብቶ ባለ ጥርሱን ማስተካከያ ጎማው አልዞር እስኪል ማጥበቅ፣ ከዚያም በነፃነት እስኪዞር ጥቂት ጥርስ መመለስ ነው። በየጎማው ሁለት ማስተካከያ አለ፤ አንዱን ነክቶ ሌላውን መተው አይቻልም። በመሃል ፔዳሉን ረገጥ ማድረግ ሸራዎቹን ቦታቸውን ያስይዛቸዋል። ግራና ቀኙ እኩል ካልተጠበቀ መኪናው ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፤ በክረምት ጭቃ ላይ ይህ የሚያደርሰውን ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ አቋራጭ አለ፣ አጥብቄ የምቃወመው። ሸራው ሳይነካ የእጅ ፍሬኑን ገመድ ብቻ ማጥበቅ። እጀታው ሲጠነክር ፍሬኑ የዳነ ይመስላል፤ ሸራው ግን ካለበት ርቀት ላይ ነው፣ ወይም ገመዱ እየጎተተው ሳይረገጥም ይፋተጋል። መጀመሪያ ገመዱ ላላ ይላል፣ ሸራው ይስተካከላል፣ ገመዱ መጨረሻ ነው።

የታምቡሩ ውስጥ እርጥብ ሆኖ ከተገኘ ግን ነገሩ ከማጥበቅ አልፏል። ጎሚኒው አልቆ ዘይት ያፈስሳል ማለት ስለሆነ ለመካኒክ ይሰጥ። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ቢታጠብም አይታመንም፤ በሁለቱም ጎማ አብሮ ይቀየራል።

ከሆሳዕና ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጊቤ ሸለቆ ለሚወርድ ሰው ደግሞ ዘይቱ ራሱ ጉዳይ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከገባው በኋላ ግን መስፈርቱ የሚጠይቀው 140 ዲግሪን ብቻ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ያለማቋረጥ የተረገጠ ታምቡር ግሎ ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፤ ዘይቱም ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ይረገጣል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ማርሽ ዝቅ ይደረግ፣ ዘይቱም በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይቀየር።

ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት አሮጌዎች ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግሉን ይመስለኛል። ለዓመታዊው ምርመራ ሲባል ብቻ፣ ቦሎ ሲደርስ ፍሬን ማስጠበቅ አይበቃቸውም።

የጋራዥ ባለቤቶችን አንድ ነገር እለምናለሁ። ታምቡር ሲከፈት ውስጡ የሚገኘውን ጥቁር ብናኝ በኮምፕሬሰር ማስነፋት ይቁም። የቆዩ የፍሬን ሸራዎች አስቤስቶስ ይገባባቸው ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2005 እ.ኤ.አ. ከልክሎታል። ካርቶኑ ላይ ምንም ያልተጻፈበት ሸራ ከምን እንደተሠራ በዓይን አይለይም። የአስቤስቶስ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ በሽታው የሚታየው ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው፤ ኮምፕሬሰሩን የሚይዙት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሙያ ለመማር የመጡ ልጆች ናቸው። ውሃ ረጭቶ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ ጨርቁንም በፌስታል አሥሮ መጣል ይቻላል። ልጆቹም አፍና አፍንጫቸውን ይሸፍኑ።