ተማሪው ካልጠየቀ «ዱ»ን ከየት ይማረው?

ከማጀቴ እስከ ሸዋ ሮቢት ባሉ የይፋት ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ የሚያስተምር መምህር ሁሉ የሚያውቃት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «አር ዩ ኖው ሂም?»። «ታውቀዋለህ?» ለማለት ነው፤ «ዱ» መግባት በነበረበት ቦታ «አር» ገብቷል። ሌላው ተማሪ «ዲድ ዩ ዌንት?» ብሎ ኃላፊውን ጊዜ ሁለቴ ያስገባዋል። ስህተቱ ሲሰማ የሚሰጠው ፍርድም የታወቀ ነው፦ «ከታች ክፍል መሠረት አልያዙም»። ፍርዱ ከእውነት ባይርቅም ዋናውን ነገር ይስታል። እነዚህ ልጆች ከአንደኛ ክፍል ጀምረው እንግሊዝኛ ተምረዋል፤ የ«ዱ»፣ የ«ዳዝ» እና የ«ዲድ»ን ሰንጠረዥ ደብተራቸው ላይ ደጋግመው ገልብጠዋል። ያላገኙት ነገር ቢኖር በእንግሊዝኛ የመጠየቅ ተራ ነው።

ነገሩን ከራሳችን ቋንቋ እንጀምረው። በአማርኛ «መጣህ» እና «መጣህ?» የሚለያዩት በድምፅ አወጣጥ ብቻ ነው፤ ካሻን «ወይ» ወይም «እንዴ» እንጨምራለን። ማን እንደመጣና መቼ እንደመጣ ግሱ ራሱ ይናገራል። ይፋት ደግሞ የአማርኛ ብቻ አገር አይደለም። ሰንበቴ ገበያ የሚወጣ ልጅ ኦሮምኛም ይሰማል፤ በኦሮምኛም ድምፅን ከፍ አድርጎ መጨረስ ለጥያቄ ይበቃል። ስለዚህ ሁለት ቋንቋ አቀላጥፎ የሚናገር ልጅ እንኳ ለመጠየቅ ሲባል ብቻ የሚጠራ፣ በራሱ ትርጉም የሌለው ረዳት ግስ ገጥሞት አያውቅም። እንግሊዞቹ ራሳቸው ድሮ ግሱን ወደ ፊት አውጥተው ይጠይቁ ነበር፤ «ዱ» በጥያቄ ውስጥ እየተስፋፋ የመጣው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ነው። የእኛ ተማሪ ታዲያ ባዶውን ቦታ በለመደው ይሞላዋል፤ በጣም የለመደው ደግሞ «ነህ»ን የሚተካው «አር» ነው።

ሕጉ ከባድ አይደለም፤ መልሱን አስቀድሞ ማሰብ ነው። የሮቢትን ሽንኩርት ምሳሌ እናድርገው። መልሱ ውስጥ «ኢዝ»፣ «ካን» ወይም «ዊል» ካለ እሱው ወደ ፊት ይወጣል፦ «ሺ ካን ሴል አንየንስ» የሚለው «ካን ሺ ሴል አንየንስ?» ይሆናል። ከሌለ «ዱ» ይጠራል፤ ዋናው ግስም የጊዜውን ጋቢ አውልቆ ለ«ዱ» ያለብሰዋል። «ሺ ሴልስ» ሲጠየቅ «ዳዝ ሺ ሴል?»፣ «ሺ ሶልድ» ሲጠየቅ «ዲድ ሺ ሴል?» የሚሆነው ለዚህ ነው። «ማን ሸጠ?» ተብሎ ባለቤቱ ራሱ ሲጠየቅ ግን «ዱ» አይገባም፤ «ሁ ሶልድ?» ነው። በአማርኛ ቢያስረዱት ይህ ሁሉ የአንድ ክፍለ ጊዜ ሥራ ነው።

ማስረዳቱ ግን ብቻውን አያደርስም። «ዱ» በተራ አዎንታዊ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አይታይም፤ ብቅ የሚለው በዋናነት በጥያቄና በአሉታ ነው። በክፍል ውስጥ ጠያቂው ሁልጊዜ መምህሩ፣ መላሹ ሁልጊዜ ተማሪው ከሆነ፣ ተማሪው ዓመቱን ሙሉ ሲመልስ ቢከርም ጥያቄ መመሥረትን አይለምድም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የገባው የፕላዝማ ትምህርት ይህን ልማድ ይበልጥ አጽንቶት ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ራሱ ይመልሳል፤ ተማሪው መልሶ ሊጠይቀው አይችልም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ምርጫ ነው፤ ከፊደሎቹ አንዱን ያጠቆረ ተማሪ ጥያቄ መሥርቷል አይባልም።

ጉዳቱ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ አይወሰንም። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ነው። «ዋይ ኢዝ» ልበል ወይስ «ዋይ ዳዝ» እያለ የሚያመነታ ተማሪ ያልገባውን ሳይጠይቅ ደወሉ ይደወላል። በ2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተናውን ከወሰዱት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ሁሉ በረዳት ግስ ማሳበብ ቀልድ ይሆናል፤ ነገር ግን ጥያቄ የማይወጣበት ክፍል ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን የሚክድ መምህር ያለ አይመስለኝም።

«መግባባት ከተቻለ ምን አስጨነቀን?» የሚሉ አሉ። ፊት ለፊት ሲነጋገሩ እውነታቸውን ነው፤ ፊትና እጅ ያግዛል። በጽሑፍ ግን «ዌን ዩ ኬም» ጥያቄ ሳይሆን «በመጣህ ጊዜ» ማለት ነው፤ «ዋት ዩ ዋንት»ም «የምትፈልገው» ነው። አንባቢው የዓረፍተ ነገሩን ቀሪ ይጠብቃል። በእንግሊዝኛ ክፍል አማርኛ መግባት የለበትም ለሚሉትም መልሱ አጭር ነው፤ ልጁ በልቡ እየተረጎመ ነው፤ ልዩነቱን ካላሳየነው «አር ዩ ኖው»ን ይዞ ይቀጥላል። የሚከብደው የተማሪው ብዛት ነው። በተጨናነቀ ክፍል ሁሉም ለመምህሩ ጥያቄ ያቅርብ ማለት አይሆንም። ሆኖም አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ልጆች እርስ በርስ ቢጠያየቁ ተጨማሪ መጽሐፍም በጀትም አይጠይቅም፤ ጫጫታ ግን ይኖራል፤ ርእሰ መምህራንም ጫጫታውን የሥነ ሥርዓት ጉድለት አድርገው ባይቆጥሩት።

የእንግሊዝኛ መምህራን ሆይ፣ ለመጪው ሴሚስተር የቃል ፈተና ስታዘጋጁ፣ ከነጥቡ ግማሹን ተማሪው ለሚመልሰው ሳይሆን ለሚጠይቀው መድቡለት።